ባንዱን ከተሰናበቱ በኋላ

የሰመራ፣ የሎጊያና የአዋሽ ሰዎች፤

ለየት ተደርጎ ካልተነገረ በቀር በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ ጋበዘ። እንግዳው የ69 ዓመት ሰው ነበሩ። ስማቸው ጌታቸው መኩሪያ፣ መሣሪያቸው ሳክስፎን። ይፋት ተወልደው በክራርና በመሰንቆ ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ክላሪኔትና ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን፣ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን፣ በ1965 የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ። ከሁሉ በላይ ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ፉከራ፣ ከሰው ጉሮሮ አውጥተው በሳክስፎን ማሰማታቸው ነው። በ1972 የወጣውን የሳክስፎን አልበማቸውን የሰማ ሰው መሣሪያው ሲፎክር፣ ሲያቅራራ፣ አንዳንዴም እንደ ሰው ሲጣራ ይሰማዋል።

የ«ዘ ኤክስ» ጊታሮች ደግሞ ይቧጭራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ለጆሮ አይለሰልሱም። ሁለቱ ተገናኙ። ጋሽ ጌታቸው በዚያ ጩኸት ውስጥ የሽለላን ወኔ ሳያገኙበት አልቀሩም፤ ባንዱ በሚቀጥለው አልበማቸው እንዲያጅባቸው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ፤ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ። በመካከሉ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በሚቀራረብ ዕድሜ ላይ ላለ ሕዝብ ተጫወቱ። በ2016 በሚያዝያ ወር በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ፖሊስ። ከእነዚህ ሁሉ ቤቶች በኋላ ሌላ ሰው በጡረታ አርፎ በሚቀመጥበት ዕድሜ አዲስ የሙዚቃ ሕይወት ጀመሩ። ይህ ለምን ለእሳቸው ሆነ? ለብዙ እኩዮቻቸውስ ለምን አልሆነም? የዛሬው ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሙዚቀኛ ባንዱን ሲሰናበት ምን ይዞ ይወጣል የሚለው።

ፐንክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም በአፈጣጠሩ የወጣትነት ሙዚቃ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን ሲነሳ ዘፈኖቹ አጫጭር፣ ፈጣንና ጥቂት ኮርድ ያላቸው ነበሩ። በ1976 የወጣው የ«ራሞንስ» የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን ይዞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ልጆቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሸክላውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ፖስተሩን ራሳቸው ይሥላሉ፣ መድረኩን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ በሃያ ዓመት ዕድሜ ያምራል። አርባው ሲመጣስ?

«ዘ ኤክስ» በ1979 ሲመሠረት አባላቱ ማን የትኛውን መሣሪያ እንደሚይዝ በዕጣ ነበር የተከፋፈሉት። ድምፃዊነቱ የደረሰው ጂ ደብልዩ ሶክ ለ30 ዓመት ግጥሙን እየጻፈ ዘፈነ። በ1986 ባንዱ ስለ ስፔን አብዮት የሠራውን ሸክላ ከሙሉ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አያይዞ አወጣ። መሪ የሚባል አልነበራቸውም፤ የሚወስኑት አብረው ነው፤ ሥራቸውንም በራሳቸው አሳታሚ ስም ያወጡ ነበር። በ2009 ሶክ በቃኝ ብሎ ወጣ። በእሱ ቦታ አርኖልድ ደ ቡር ገባ፤ ባንዱ እስከ ዛሬ አለ። ሶክም ባዶ እጁን አልወጣም። የግራፊክስ ባለሙያነቱ አብሮት ነበር፤ ከ1979 እስከ 2009 የጻፋቸው ግጥሞች በ2011 በመጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ፤ ድምፁን ለሌሎች ባንዶች አበደረ። ጥሎት የወጣው ቤትና እሱ አልተጣሉም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሶክ እንዲህ ሊወጣ የቻለው ግጥሙ የእሱ መሆኑን ማንም ስላልተከራከረው ነው። ሸክላው የባንዱ፣ ግጥሙ የጸሐፊው፣ ስሙ የሚቀሩት አባላት። ይህ ሁሉ ማለቅ ያለበት ከመለያየት በፊት ነው።

ሌላው ምሳሌ ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይቀርባል ተብሎ ይታሰባል። «ዲሴንደንትስ» የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ድምፃዊ ማይሎ ኦከርማን በ1982 ባንዱን ትቶ ባዮሎጂ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጓደኞቹ አላኮረፉም፤ የዚያን ዓመት አልበማቸውን ርእስ «ማይሎ ኮሌጅ ገባ» አሉት፣ ሥዕሉንም ሽፋኑ ላይ አወጡት። ሰውዬው በባዮሎጂ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ዱፖንት በተባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዕፅዋት ሥነ ሕይወት ተመራማሪነት ሠራ። በየመሐሉ እየተመለሰ ከጓደኞቹ ጋር አልበም ይቀርጽ ነበር። በ2016 የምርምር ሥራው ሲያበቃ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ ሰጠ። የወረርን የግብርና ምርምር ማዕከል የሚያውቅ የአዋሽ ሸለቆ ሰው ይህን ታሪክ በቀላሉ ያየዋል፤ ቀን ስለ ጥጥ ዘር የሚመራመር፣ ማታ ጊታር የሚያነሳ ሰው ብሎ ያስብ። ነውር የለበትም። ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ «ወይ ትምህርቱን ወይ ዘፈኑን» ተብለው ነው የሚያድጉት፤ የተመረቀ ልጅ ጊታሩን ሸጦ ወደ ሥራ ሲሄድ ቤተሰብ እፎይ ይላል። ከሁለት አንዱን በግድ ማስጣል ልጁንም አገሩንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንሂድ፤ ምክንያቱም የፐንክና የኢትዮጵያ ሙዚቃ መንገዶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ምናልባትም ሳይተያዩ የተላለፉት እዚያ ነው።

በዚያች ከተማ በ1970ዎቹ መጨረሻ «ባድ ብሬይንስ» የሚባል የጥቁሮች የፐንክ ባንድ ተነሣ። ከጃዝ ጀምረው ወደ ፐንክ የገቡት እነዚህ ልጆች ራስተፈሪያን ሆኑ። በ1982 በካሴት የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት መብረቅ ሲመታው ያሳያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ፖል ሀድሰን፣ በመድረክ ስሙ ኤች አር፣ ልቡ ወደ ሬጌ እያደላ ሄደ። በ1980ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ባንዱን ትቶ ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። እምነት አንድን ሰው ከባንድ ሲያወጣው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ አይደለም። የእኛው ሙሉቀን መለሰ በ1980ዎቹ ዓለማዊውን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ሲገባ አድናቂዎቹ ለዓመታት ተመለስ እያሉ ለመኑት። አልተመለሰም። በ2024 በአሜሪካ ሲያርፍ ሐዘኑን የተካፈለው ሕዝብ ያንጎራጎረው አሁንም የድሮ ዘፈኖቹን ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ሕይወት ኖሯል፤ ሁለተኛውን ማክበር ለአድማጭ የሚከብድ ቢሆንም ግዴታ ነው።

በ1981 ደግሞ ወደዚያው አገር ዋልያስ ባንድ ገባ። ወደ አሜሪካ ለኮንሰርት ጉዞ የወጣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ይባላል። ዋልያሶች በዘመናቸው ልዩ ነበሩ። የዚያን ጊዜ የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ እንደማንኛውም ተቀጣሪ ነበር፤ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነው፣ ሲባረር የሚወጣው በለበሰው ልብስ ነው። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ የራሳቸውን ውል ተዋውለው ይሠሩ ነበር። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ተጫውተዋል። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል፣ ሕዝቡ የሚወጣው ሲነጋ ነው። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አወጡ። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን አብሯቸው አለ፤ ከዘፈኖቹ በዓለም ዙሪያ ዝናው የገነነው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው።

ከአሜሪካው ጉዞ በኋላ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ቀሩ። ማንም ማንንም አላባረረም፤ አገሪቱ የነበረችበት ሁኔታ ነው የለያያቸው። ከቀሩት አንዳንዶቹ ዙላ ባንድ ብለው ለጥቂት ዓመታት ለስደተኛው ሕዝብ ተጫወቱ። ከዚያ እሱም ተበተነ።

ኃይሉ መርጊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር በትክክል የሚረዳ ብዙ ሰው አለ። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና በሎጊያ በኩል ያልፋል፤ የሹፌር ሕይወት ምን እንደሆነ ለሰመራ ሰው መንገር አያስፈልግም። ወንበሩ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ረጅም ነው፤ አብሮ የሚውለው ሙዚቃ ብቻ ነው። ኃይሉ በዋሽንግተኑ ደላስ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ኪቦርዱ ይመለሳል፣ ሞተሩ ይነሳል። ይህን ለዓመታት አደረጉት። ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም አልጠበቃቸውም።

ከዚያ በፊት፣ በ1985፣ አንድ ካሴት ቀርጸው ነበር። በልጅነታቸው የተጫወቱትን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው፣ ሁሉን ብቻቸውን የተጫወቱበት ሥራ ነው። ሰው ከባንድ ሲወጣ የሚሰማውን ብቸኝነት ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ካሴት ይስማው። ከበሮው ማሽን ነው፤ ቤዙ እሳቸው ናቸው፤ መላሹም እሳቸው ናቸው። ኀዘን ብቻ ግን የለበትም። በውስጡ ከባንድ ጋር ሲሆን የማይገኝ ነፃነት አለ፤ ማንም የማያስቸኩለው አኮርዲዮን እንደ ልቡ ይንከራተታል። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ፣ ከዚያ ከገበያ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ የአፍሪካ ካሴት አሰባሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ ደወለ፤ በ2013 በአዲስ መልክ ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ፤ በሁለቱም ላይ የሚሰማው ጣት ለሠላሳ ዓመት ያልተቋረጠ ልምምድ ያለው ጣት ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል፤ የፈረንጅ ዕድል እንደገጠማቸው። እንዲህ ማለት ሰውዬውን ይበድላል። ዕድሉ የካሴቱ መገኘት ነው፣ እውነት ነው። ካሴቱ ላይ ግን ስማቸው በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ሥራው የማን እንደሆነ አከራካሪ አልነበረም፤ ስልኩ ሲደወልም መጫወት የሚችል ሰው ነው ያነሳው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ አይኖርም ነበር።

የግርማ በየነ መንገድ ሌላ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለብዙ ድምፃውያን ዘፈን ያቀናበሩ፣ ፒያኖ የሚጫወቱ፣ ራሳቸው የዘፈኑት ግን ጥቂት ብቻ የሆነ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከቀሩ በኋላ ከሙዚቃው ፈጽመው ራቁ፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠሩ። ከ20 ዓመት በላይ ዝም አሉ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር በ2017 አልበም ሲያወጡ ድምፃቸው የተሰበረ ቢሆንም ስልታቸው አልተሰበረም። እዚህ ላይ ግን ደስታው ሙሉ አይደለም። እነዚያ የዝምታ ዓመታት የሚተኩ አይደሉም። በ50 ዓመታቸው ሊጽፉት ይችሉ የነበረውን ማንም አይሰማውም። አቀናባሪ ሸክላው ላይ ስሙ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይጻፍ ባለሙያ ነው፤ ክፍያው አንድ ጊዜ በእጅ ተቀብሎ የሚያበቃ ነው። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢሸጥ እሱን አይመለከተውም። ነዳጅ ማደያ ውስጥ መሥራት ክቡር ሥራ ነው፤ ግን «ሙዚቃዊ ስልት» በየአገሩ በሚጫወትበት ሰዓት ደራሲው ከዚያ ድርሰት የሚኖርበት ገቢ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ሕጉ ዛሬ ምን ይላል? በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው አሳታሚ ደግሞ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ሰጥቷል። ከዚያ ውስጥ ግን ወጣት ሙዚቀኛ ሊያነበው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ሐረግ ነው ሁሉን የሚወስነው። በሆቴል፣ በመሥሪያ ቤት፣ በባህል ቡድን ውስጥ ተቀጥሮ ዜማ የሚደርስ ልጅ ያችን ስምምነት ካልጻፈ፣ ከዚያ ቤት ሲወጣ ዜማውን ጥሎ መውጣቱ ሊሆን ይችላል።

ከቤት ባዶ እጅ መውጣትን የአዋሽ ሸለቆ ሰው በሌላ መልኩ ያውቀዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ያደገ ከተማ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያዋ የመንገደኛ ማረፊያ ሆነች። ወደ ድሬዳዋ በባቡር የሚወርድ ሙዚቀኛ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቆም ሕይወታቸውን በእሱ ላይ የመሠረቱ ሠራተኞች ምን ይዘው ቀሩ? ሙያ የነበረው ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ሙያው ከጣቢያው ውጭ የማያገለግል ተቸገረ።

አፋር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ለሌላው የሚያስተምረው አለው። ላሌን የመሰለ ጭፈራ በቅጥር አይሠራም። እጅና እግር ምቱን ይሰጣሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎች ይቀበላሉ፤ መሣሪያ የሚነጥቅ ባለቤት የለውም። በአንድ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የሚተሳሰሩበት ፊኢማም አባሉን በችግሩ ቀን የሚደግፍ፣ ሲያጠፋም የሚቀጣ ሥርዓት ነው። ወጣቱ ወደ ሰመራ ለትምህርት ቢመጣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ከዚያ ግዴታ አይሰረዝም። «ዘ ኤክስ» በአምስተርዳም ያለ መሪ፣ በጋራ ውሳኔ የኖረበት መንገድ ለአፋር ሽማግሌ እንግዳ አይሆንበትም፤ ለዘመናዊው የከተማ ባንዳችን ግን እስከ ዛሬ እንግዳ ነው። ሙዚቀኞቻችን ዘመናዊውን መሣሪያ ከውጭ ሲያመጡ የመተሳሰሪያውን ሥርዓት ከቤት ይዘው አልወጡም፤ በእሱ ፈንታ የክበብ ባለቤትና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው የገባው።

ስለዚህ ለዚህች ከተማ የሚቀርቡ ሁለት ሐሳቦች አሉ። የመጀመሪያው ለልጆቹ ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባንድ የሚመሠርቱ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ እንደሚበተኑ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ አንዱ አሳይታ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ጅማ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ስሙ ለማን ይቀራል? በመዋጮ የተገዛው መሣሪያ ሲለያዩ እንዴት ይካፈላል? ዜማውንና ግጥሙን የጻፈው ማን ነው? አቀናባሪው ማን ነው? ሁሉም ይፈርሙ፤ አንድ የሕግ ባለሙያ ይመልከተው።

ሁለተኛው ለዩኒቨርሲቲውና ለክልሉ ባህል ቢሮ ነው። በአፋር ሠርግና በዓል ላይ የሚሰማው ላሌ፣ በአፋርኛ የሚዘፍኑ ወጣቶች ሥራ፣ የተማሪዎቹም ባንድ ቀረጻ በአንድ ቤተ መዛግብት ቢሰበሰብ መሣሪያው ውድ አይደለም። ዋናው ጉልበት መዝገቡ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ ጋር የአውጪው፣ የተቀባዮቹ፣ የግጥም ደራሲው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። የባሕር ዳሯ ካሴት ባለቤቷን ያስገኘችው ስሙ ስለተጻፈባት ነው። ሥራው በዚህ የትምህርት ዘመን በአንድ ኮምፒውተር፣ በሁለት ተማሪዎችና አፋርኛ አሳምሮ በሚጽፍ አንድ መምህር ሊጀመር ይችላል፤ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ለማን ማመልከቻ እንደሚጻፍ በውይይቱ ሰዓት እንነጋገርበት።